ስለ ሠፈር ሱቅ ወሰን

ለቤት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሟልቶ አይገኝም። ወጡ ተጥዶ ሳለ ጨው ያልቃል፤ እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ስኳር ይጎድላል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ሻማና ክብሪት ይፈለጋል። ይህን ጊዜ እናት ልጇን ጠርታ ገንዘብ ታስይዘዋለች፤ ልጁም ሮጦ ሄዶ ሮጦ ይመለሳል። ነገሩ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ሕግ የሚጻፍበትና ዳኛ የሚቀመጥበት አይመስልም። ነገር ግን ልጁ የሚላክበት ሱቅ በየት እንዲቆም፥ ስፋቱ ምን ያህል እንዲሆን፥ በታላላቆቹ የዓለም ከተሞች ብዙ ክርክር ተደርጎበታል። እኛም ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን በሠፈራችን የሆነ አንድ ጉዳይ ነውና አስቀድመን እርሱን እንናገራለን።

በምንኖርበት ሠፈር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ከአጥሯ ጋር አያይዛ ባሠራቻት አንዲት ክፍል ጨው፥ ሻማ፥ ሳሙና፥ ሽንኩርት፥ ማለዳም ዳቦ ትሸጣለች፤ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ነው። ከእርስዋ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ አንድ ነጋዴ የመኖሪያ ቤት ተከራይቶ የዕቃ ማከማቻ አደረገው፤ የጭነት መኪና በሌሊት እየመጣ ሲያራግፍ ያድራል። ከዚያም ቀጥሎ መጠጥ ቤት ተከፈተ፤ የድምፅ ማጉያውም እስከ እኩለ ሌሊት ይጮኻል። አንድ ቀን ማታ የጭነት መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ በጎረቤታችን ልጅ ላይ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በማግሥቱ የሠፈሩ ሰዎች ተሰብስበው መከሩ፤ የምክራቸውም ፍጻሜ «ንግድ ሁሉ ከሠፈራችን ይነሣልን» የሚል ሆነ። እኛ በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ስለ ሆንን አቤቱታውን እንድንጽፍላቸው ወደ ቤታችን መጡ። ከመካከላቸውም እጅግ የምናከብራቸው አንድ ሽማግሌ «ልጄ፥ አንተ የሕጉን ቃል ታውቃለህ፤ አሳምረህ ጻፍልን» አሉን።

ብዕር አንሥተን መጻፍ ጀመርን። ነገር ግን «ንግድ ሁሉ» ከሚለው ቃል ስንደርስ እጃችን ቆመ። በዚህ «ሁሉ» በሚለው ቃል ውስጥ የባልቴቲቱ ሱቅ አብራ ትገባለችና። «የእርስዋስ ሱቅ?» ብለን ብንጠይቅ ለጊዜው የመለሰልን አልነበረም። የተሰበሰቡት ሰዎች ሁሉ ያውቋታል፤ እኩሌቶቹም በዱቤ መዝገቧ ላይ ስማቸው ተጽፎ ይገኛል። በኋላ ግን አንዱ «ሕግ ከሆነ ለሁሉ እኩል ነው፤ ለእርስዋ ብለን ብንተው ባለማከማቻውም ይከራከራል» አለ። ይህ ንግግር ከሞኝ አፍ የወጣ አይደለም። እኛም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል አስበን፥ አንድ ጊዜ የተጻፈ ነገር ተመልሶ እንዳይጸጽተን፥ የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመንን። በዚያም ሳምንት ሌሎች ሕዝቦች ይህን ነገር እንዴት አድርገው እንደ ወሰኑት መረመርን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን፤ የውጭ አገሩን ዘመን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከተማን በክልል ከፍሎ፥ ይህ ለመኖሪያ፥ ያ ለንግድ፥ ያኛው ለፋብሪካ ይሁን ብሎ የመመደብ ሥርዓት በእንግሊዝኛ ዞኒንግ ይባላል። በአሜሪካ አገር ለመላው ከተማ የሚሆን እንዲህ ያለ ደንብ አስቀድማ ያወጣች ታላቅ ከተማ ኒውዮርክ ናት፤ ዘመኑም 1916 ነው። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛው፥ እጅግ ረጃጅም ሕንፃዎች እየተሠሩ የጎረቤቶቻቸውን ብርሃንና ነፋስ መከልከላቸው ነው፤ በ1915 የተፈጸመው ኤኲተብል የተባለው ሕንፃ በዚህ ነገር ብዙ ተወቅሷል። ሁለተኛው፥ በአምስተኛው ጎዳና ያሉ ታላላቅ ባለሱቆች የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ወደ እነርሱ እየተጠጉ መምጣታቸውን ስለ ፈሩ ነው። ደንቡ የከተማውን ቦታ በሥራው ዓይነት ሦስት አድርጎ ከፈለው፤ ይኸውም የመኖሪያ፥ የንግድና ገደብ የሌለበት ክልል ነው። በመኖሪያ ክልል ሱቅ መክፈት ተከለከለ። ነገር ግን አውራ መንገዶቹ በብዛት ለንግድ ስለ ተመደቡ፥ በውስጥ መንገድ የሚኖረው ሰው ወደ ማዕዘኑ ወጣ ብሎ የሚሻውን ከመግዛት አልተቸገረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ከአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ ዩክሊድ የምትባል መንደር በ1922 የክልል ደንብ አውጥታ ነበር። በዚያች መንደር 68 ኤከር መሬት የነበረው አምብለር የተባለ የመሬት ኩባንያ ደንቡ የመሬቴን ዋጋ አሳነሰብኝ ብሎ ከሰሰ። ፍርዱ በ1926 በኖቬምበር 22 ቀን ተሰጠ፤ ዳኞቹ ስድስት ለሦስት ተለያይተው መንደሪቱ ረታች። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ አንድ ምሳሌ ተናግረዋል፤ አሳቡም በራሱ መልካም የሆነ ነገር ያለ ስፍራው ሲገኝ ጉዳት ይሆናል፥ አሳማ ከማጎሪያው ወጥቶ በእንግዳ መቀበያ ክፍል እንደ መገኘት ነው የሚል ነው። ይህን ምሳሌ ወደ እኛ ቤት ብናመጣው በበሬ ልንናገረው እንችላለን። በሬ በበረት ሲሆን የቤቱ ሀብትና ክብር ነው፤ ከእልፍኝ የገባ እንደ ሆነ ግን ምንጣፉንም ሰዉንም ያበላሻል።

ፍርዱ እውነት ነው፤ የሠፈራችንም ሰዎች ጩኸት ከዚህ የራቀ አይደለም። የሌሊቱ ጭነት መኪና በእርግጥ ከእልፍኝ የገባ በሬ ነው። ነገር ግን ምሳሌውን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይረሳሉ። የጨውና የሻማ ሱቅ ከእልፍኝ የገባች በሬ ናትን፥ ወይስ ከጓዳው ደጃፍ የተቀመጠች የውሃ እንስራ? እንስራ ስፍራ ትይዛለች፤ አንዳንድ ጊዜም ታንጠባጥባለች፤ ስለዚህ ግን ከቤት አውጥቶ ከወንዝ ዳር የሚያስቀምጣት የለም።

ከዩክሊድ ፍርድ በኋላ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደንቡን ተከተሉ፤ ብዙዎቹም ይህን ልዩነት ሳይመረምሩ ንግድን ሁሉ ከመኖሪያ ቤት አራቁ። በከተማ ዳር በተሠሩት አዳዲስ ሠፈሮች ቤቱ ያማረ፥ ሣሩ የተስተካከለ፥ መንገዱም ጸጥ ያለ ሆነ። ነገር ግን እንቁላልና ዳቦ ለመግዛት መኪና ማስነሣት ግድ የሆነባቸው ሠፈሮች ብዙ ናቸው። መኪና መንዳት የሚችል ሰው ይህን እንደ ጉዳት አይቆጥረው ይሆናል። ጉዳቱ የሚታወቀው መንዳት በማይችለው ሰው ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ፥ ዓይኑ የደከመው ሽማግሌና መኪና ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ድኻ ነው።

ከደንቡ በፊት የነበሩት አሮጌ ሱቆች ግን በአንድ ጊዜ አልተዘጉም፤ በብዙ ስፍራ ባሉበት እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። ሆኖም ፈቃዱ ወጥመድ ነበረበት። በኒውዮርክ በ1961 በወጣው አዲስ ደንብ፥ ከክልሉ ሥርዓት ውጭ የሆነ ሥራ ሁለት ዓመት የተቋረጠ እንደ ሆነ ተመልሶ ሊጀመር አይፈቀድም ነበር። እንግዲህ ባለሱቁ ቢታመም ወይም ቢሞትና ልጆቹ በርስት ክርክር ሲዘገዩ ጊዜው ቢያልፍ፥ ሱቁ በሕግ ይሞት ነበር፤ የሚተካውም አይኖርም ነበር። በዋዜማው የነበረ ሱቅ በማግሥቱ ሳይኖር ሲቀር ማንም ከልካዩን አያይም፤ ልጁ ብቻ ከተዘጋው በር ደርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህን ያስተዋሉ ሰዎችም አልታጡም። በ1929 ክላረንስ ፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ሠፈር እንዴት መሠራት እንደሚገባው አሳቡን ጻፈ። በእርሱ አሳብ ሠፈር ማለት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚበቃው ሕዝብ የሚኖርበት 160 ኤከር ያህል ቦታ ነው። ትምህርት ቤቱ በመካከል ይሆናል፤ ሱቆቹ ግን በሠፈሩ ዳር መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ይሆናሉ። ከመካከል እስከ ዳር ያለው ርቀት ሩብ ማይል፥ ይኸውም 400 ሜትር ያህል ነው። ልብ አድርገን ብናስተውለው ይህ መለኪያ የሰው እግር ነው። ከእኛ ቤት እስከ ትልቁ ገበያ ግን ከሁለት ኪሎሜትር ተኩል አያንስም፤ በመካከሉም የመኪና መንገድ ሁለት ጊዜ ይሻገሩታል።

ከዚህም በቀር በ1961 ጄን ጄከብስ የተባለች የኒውዮርክ ነዋሪ ስለ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ ስለ ሠፈር ባለሱቆች ብዙ ተናግራለች። በእርስዋ ሠፈር ሰው መንገድ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ለሚመጣው ወዳጁ ከባለሱቁ ዘንድ አኑሮ የመሄድ ልማድ ነበረ። ባለሱቁ ዘመድ አይደለም፤ የማዕድ ጓደኛም አይደለም፤ ነገር ግን ይታመናል። እኛ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ይህንን ነው። የእኛም ባልቴት ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንግዳ እንደ መጣበት፥ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ቀረ አስቀድማ ታውቃለች። መንገዱን ቀኑን ሙሉ የሚያይ ዓይን ያለ ደመወዝ ተቀምጦልናል።

ያው የ1961 የኒውዮርክ ደንብ ከላይ የተናገርነው ወጥመድ ቢኖርበትም፥ ለትናንሽ ሱቆች መልካም ብልሃት አበጅቷል። በመኖሪያ ክልል ውስጥ በሚያልፉ መንገዶች ዳር ስስ የሆነ የንግድ መስመር በመኖሪያው ላይ ደርቦ አኖረ። በዚህ መስመር ላይ ለሠፈሩ ሰው ዕለት በዕለት የሚያስፈልጉት እንደ ምግብ ሸቀጥና ጸጉር አስተካካይ ያሉት ይፈቀዱ ነበር። መኖሪያና ንግድ በአንድ ሕንፃ የሆኑ እንደ ሆነ ሱቁ ከታች፥ ቤተ ሰቡ ከላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ንግድ በመኖሪያው ራስ ላይ አይወጣም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ግን የጃፓን አገር ሕግ ነው። ጃፓኖች በ1992 ባሻሻሉት ሕግ የከተማን ቦታ በ12 ክልል ከፈሉት፤ በኋላም በ2018 አንድ ተጨምሮ 13 ሆነ። ከእነዚህም ለጸጥታ እጅግ የሚጠነቀቅለት ዝቅተኛ ቤቶች ብቻ የሚሠሩበት የመጀመሪያው የመኖሪያ ክልል ነው። በዚህ ክልል ለብቻው የቆመ ሱቅ አይፈቀድም። ነገር ግን አንድ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ የሱቁ ስፋት ከ50 ካሬ ሜትር ሳይበልጥ፥ ደግሞም ከቤቱ ስፋት እኩሌታ በታች ሆኖ፥ ሕጉ የዘረዘራቸውን ትናንሽ ሱቆች ሊከፍት ይችላል። 50 ካሬ ሜትር ማለት ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ክፍል ማለት ነው። በሁለተኛው ዝቅተኛ የመኖሪያ ክልል ደግሞ እስከ 150 ካሬ ሜትር የሚደርሱ ትናንሽ ሱቆች ይፈቀዳሉ። የዚህ ሕግ ጥበብ ንግድን በስሙ ሳይሆን በመጠኑ መመርመሩ ነው። ባለሱቁ ከሱቁ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚያድር ስለ ሆነ፥ ጎረቤቱን የሚነሣው ጩኸት አስቀድሞ የራሱን ልጆች ይነሣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ቦታን በክልል መክፈል ሁልጊዜ ለሕዝብ ጥቅም ብቻ እንዳልተደረገ መዘንጋት አይገባም። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዙ በኋላ የአገሩን ሰው ከነጮቹ ለመለየት ባወጡት ፕላን የሕዝቡን ገበያ ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። በወረቀት ላይ የተሰመረ አንድ መስመር የስንቱን ሰው እንጀራና መንገድ እንደሚለውጥ ይህ ይመሰክራል። ዛሬ ግን የራሳችን ሕግ አለን። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለመላው ከተማ መዋቅራዊ ፕላን፥ ለየአካባቢውም የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲዘጋጅ ያዝዛል። እንግዲህ ስለ ሠፈር ሱቅ በዝርዝር መነጋገር የሚገባው ይህ የአካባቢ ፕላን በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው፤ ጩኸት ከተነሣና ልብ ከተቆጣ በኋላ ግን ሰው መለካት ትቶ መቁረጥ ይወዳል።

ሳምንቱ ሲፈጸም ጎረቤቶቻችን ተመልሰው መጡ። እኛም የባልቴቲቱን ሱቅ ለክተን ርዝመቷ 4 ሜትር፥ ወርዷ 3 ሜትር መሆኑን አግኝተን ነበር፤ ጠቅላላ ስፋቷ 12 ካሬ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ «ለሁሉ እኩል የሆነ ሕግ ከፈለጋችሁ፥ ሁሉን በአንድ መለኪያ እንለካ እንጂ ሁሉን በአንድ ቃል አንዝጋ» ብለን የጻፍነውን አነበብንላቸው። ቃሉም ይህ ነው።

«አንደኛ፥ በመኖሪያ ቤት ያለ ሱቅ ስፋቱ ከ50 ካሬ ሜትር አይብለጥ፥ ባለሱቁም በዚያው ቤት የሚኖር ይሁን። ሁለተኛ፥ ዕቃ የሚራገፈው በቀን ይሁን፤ ከባድ የጭነት መኪናም ወደ ውስጥ መንገድ አይግባ። ሦስተኛ፥ በሱቁም ሆነ በደጁ ተቀምጦ መጠጥ መጠጣትና በድምፅ ማጉያ መጮኽ ይከልከል። አራተኛ፥ ሱቁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይዘጋ። አምስተኛ፥ ባለሱቁ ደጃፉን ይጥረግ፤ የእግረኛውንም መንገድ በሣጥንና በጆንያ አይያዝ። ስድስተኛ፥ ባለሱቁ ቢታመም ወይም ቢሞት ወራሾቹ በዚሁ ወሰን ሥራውን እንዲቀጥሉ ይፈቀድ።»

በዚህ መለኪያ ማከማቻው በመጀመሪያውና በሁለተኛው፥ መጠጥ ቤቱም በሦስተኛው ይወድቃሉ። ባልቴቲቱ ግን ሳትጎዳ አታልፍም። ሣጥኖቿን ከመንገድ ማንሣት አለባት፤ እስከ አራት ሰዓት የምትሸጠውንም መተው ግድ ይሆንባታል። ይህን ብንነግራት ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ «የምሽቱ አንድ ሰዓት ለልጆቹ ደብተር የምትሆነኝ ነበረች» አለችን። እኛም ለዚህ መልስ አላገኘንም። ጽሑፉን ግን አልለወጥነውም፤ በግድግዳዋ ማዶ ታሞ የተኛ ሰው አለና።

ሰዎቹ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ እኩሌቶቹ ፈረሙ። ጥቂቶች «ይህ ነገሩን ማለዘብ ነው» ብለው ሳይፈርሙ ሄዱ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡና «ስድስተኛውን ማን አሳሰበህ?» ብለው ጠየቁን፤ የኒውዮርክን የሁለት ዓመት ሕግ ብንነግራቸው ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ። አቤቱታው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቧል፤ ውሳኔው ገና አልደረሰንም።

ደንብ የምታዘጋጁና በደንብ የምትፈርዱ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ነገሩን የጻፍነው ስለ አንዲት ሴት ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን አሮጌው ሠፈር እየተነሣ አዲስ ሠፈር በሚሠራበት በዚህ ዘመን፥ በፕላኑ ላይ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ሲሰመሩ ጨው የሚሸጥባት ትንሽ ክፍል ትረሳለች፤ ወይም ከትልቁ ማከማቻ ጋር በአንድ ስም ተጠርታ አብራ ትከለከላለች። ስለዚህ «ንግድ» የሚለውን ቃል በደንብ ላይ ከመጻፋችሁ አስቀድሞ ስፋቱን በሜትር፥ ጊዜውን በሰዓት፥ ጭነቱን በመኪናው ዓይነት ለዩት። ርቀቱን ግን በፕላኑ ወረቀት ላይ ብቻ አትለኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ይዛችሁ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ሱቁ በእግራችሁ ሂዱ። በመንገዱ ላይ እጁን መልቀቅ የምትፈሩበት ስፍራ ያለ እንደ ሆነ ሱቁ ርቋል።